ሳይንስን ማን ይመራዋል? የአካዳሚሽያን ኬልዲሽ ሕይወትና ሥራ

ስለ ጠፈር ምርምር ሲነገር የአብዛኛው ሰው ሐሳብ የሚያርፈው ወደ ላይ በወጣው ጠፈርተኛ ወይም ባወጣው ሮኬት ላይ ነው። የዩሪ ጋጋሪንን ስም ያልሰማ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ሮኬቱ ምን ይዞ ይውጣ፣ ወዴት ይላክ፣ ምንስ መርምሮ ይመለስ የሚሉትን ጥያቄዎች የሚያነሣውና የብዙ መቶ ተመራማሪዎችን ፍላጎት አመዛዝኖ ወደ አንድ ዕቅድ የሚያመጣው የሥራ ዘርፍ ከሕዝብ ዓይን የራቀ ነው። በዛሬው ጽሑፋችን ይህንኑ ሥራ በቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት ለሃያ ዓመታት ያህል የመራውን የሒሳብ ሊቅ፣ የምስቲስላቭ ኬልዲሽን ሕይወት እንመለከታለን። ከዚህም ጋር የሕዝብ ሀብት የሚፈስበትን ሳይንስ ማን፣ እንዴትስ አድርጎ ሊመራው ይገባል የሚለውን ጥያቄ እናነሣለን። የሀገራችን መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኬልዲሽ በየካቲት ወር 1911 በሪጋ ከተማ ተወለደ። ከተማዋ በዚያን ጊዜ በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት ሥር ነበረች። አባቱ የታወቀ የግንባታ መሐንዲስ ነበር፤ ልጁም የአባቱን ሙያ ለመከተል ይመኝ ነበር። ሆኖም ዕድሜው ገና 16 ዓመት በመሆኑ የግንባታ ትምህርት ቤቱ አልተቀበለውም። በመሆኑም በ1927 ሞስኮ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ፊዚክስና ሒሳብ አጠና፤ በ1931 ተመርቆ በማዕከላዊው የኤሮሃይድሮዳይናሚክስ ጥናት ተቋም፣ ይኸውም የአውሮፕላን ቅርፅና በረራ በሚመረመርበት ቦታ፣ ሥራ ጀመረ።

በዚያ ዘመን የአውሮፕላን ፍጥነት እየጨመረ ሲሄድ አንድ አስጊ ችግር ብቅ አለ። ፍጥነቱ ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ ክንፉ በድንገት መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ ንቅናቄው በሰከንዶች ውስጥ እየበረታ ሄዶ አውሮፕላኑን ይሰባብረዋል። ኬልዲሽና የሥራ ባልደረቦቹ የንቅናቄውን ምክንያት በሒሳብ ቀመር አስልተው፣ በነፋስ ዋሻ ውስጥ በሞዴል ፈትነው፣ ለፋብሪካዎች መፍትሔውን በተግባር አስረከቡ። ቀጥሎም አውሮፕላን በሚያርፍበት ጊዜ የፊት ጎማው ግራ ቀኝ እየተወዛወዘ የሚሰበርበትን ምክንያት ፈታ። ለእነዚህ ሁለት ሥራዎች በ1942 እና በ1946 የመንግሥት ሽልማት አገኘ። ከዚህ ለመረዳት እንደሚቻለው ኬልዲሽ ንድፈ ሐሳብን ከተግባር ነጥሎ የሚያይ ምሁር አልነበረም። ቀመሩ ትክክል መሆኑን የሚያረጋግጥለት በሰላም የሚያርፍ አብራሪ ነበር።

ይህ የሥራ ስኬት የተገኘው በብሩህ ዘመን እንዳልነበረ መዘንጋት የለበትም። በ1930ዎቹ በስታሊን ዘመን በተካሄደው የጅምላ እስር ወንድሙ ሚኻይል ተይዞ በ1937 ተገደለ። ኬልዲሽ በዚያን ጊዜ ገና 27 ዓመት አልሞላውም። ወንድሙን የቀጠፈበትን መንግሥት እያገለገለ ሥራውን ቀጠለ። ዝምተኛነቱና ቃሉን መጥኖ መናገሩ በኋላ በሥራ ጓዶቹ ዘንድ ሲወሳ የኖረ ጠባዩ ነው።

በ1946 የሳይንስ አካዳሚው ሙሉ አባል ሆኖ ተመረጠ፤ በዚያው ዓመት የሮኬት ምርምር ተቋምን እንዲመራ ተሾመ። በ1953 ደግሞ የተግባራዊ ሒሳብ ተቋም ሲመሠረት ኃላፊ ሆነ፤ ይህንን ኃላፊነት እስከ ዕለተ ሞቱ አልለቀቀም። በሀገሪቱ የመጀመሪያዎቹ የኤሌክትሮኒክ ማስሊያ መሣሪያዎች የሮኬትና የሰው ሠራሽ ጨረቃ ጉዞ የሚሰላው በዚህ ተቋም ነበር። የሮኬቱ ዋና ንድፍ አውጪ ሰርጌይ ኮሮሊዮቭና ኬልዲሽ ተቀናጅተው መሥራት የጀመሩትም በዚህ ወቅት ነው።

በጥር 1956 የሶቪየት መንግሥት ሳይንሳዊ መሣሪያ የሚሸከም ትልቅ ሰው ሠራሽ ጨረቃ እንዲሠራ ወሰነ። የሳይንሱን ዕቅድ የሚያወጣውን ኮሚሽን እንዲመራ የተመረጠው ኬልዲሽ ነበር። የሥራው እውነተኛ ጠባይ የሚገለጠው እዚህ ላይ ነው።

ጉዳዩን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያሻንም። በሐዋሳ ከተማ በመናኸሪያ ክፍለ ከተማ የሚኖር ወይም የሚሠራ ሰው አውቶቡስ ሲጫን በየዕለቱ ያያል። የጭነቱ መጠን የተወሰነ ነው፤ የመነሻው ሰዓትም ደርሷል። የገበሬው ጆንያ፣ የነጋዴው ካርቶን፣ የተማሪው ሻንጣ ሁሉም ይጫንልኝ ባይ ነው፤ ሁሉም እውነተኛ ጉዳይ አለው። ረዳቱ ለሚያውቀው ሰው ቢያደላ፣ ተራ አስከባሪውም አይቶ እንዳላየ ቢሆን፣ ወረፋውን ጠብቆ የቆመው ሰው ይጎዳል። ከልክ በላይ ቢጫን ደግሞ የሚጎዳው ተሳፋሪው ሁሉ ነው። በሮኬት ላይ የሚጫን ዕቃ የሚመዘነው በግራም ነው። አንዱ ተመራማሪ ከሕዋ የሚመጣውን ጨረር፣ ሌላው የመሬትን መግነጢሳዊ መስክ፣ ሦስተኛው የከፍተኛውን አየር ኤሌክትሪካዊ ጠባይ፣ አራተኛው የጥቃቅን ተወርዋሪ ድንጋዮችን ብዛት ሊለካ ይሻል። የኬልዲሽ ሥራ የእያንዳንዱን ጥያቄ ሳይንሳዊ ክብደት ከመሣሪያው ክብደት ጋር ማመዛዘን ነበር።

ዕቅዱ ግን በታሰበው ጊዜ አልደረሰም። መሣሪያዎቹን የሚሠሩት ተቋማት ዘገዩ። ስለሆነም በኮሮሊዮቭ ሐሳብ አቅራቢነት 83.6 ኪሎ ግራም ብቻ የምትመዝን፣ የሬዲዮ ማሠራጫ እንጂ የምርምር መሣሪያ ያልያዘች ቀላል ሳተላይት ቀደመች። ጥቅምት 4 ቀን 1957 ወጥታ ዓለምን ያስደነቀችው ስፑትኒክ ይህችው ነበረች። የሳይንሱ ሳተላይት 12 የምርምር መሣሪያዎችን ተሸክሞ፣ 1,327 ኪሎ ግራም መዝኖ፣ ግንቦት 15 ቀን 1958 ስፑትኒክ 3 ተብሎ ወጣ። ይሁንና የተለካውን የሚያስቀምጠው የቴፕ መቅረጫ ሳይሠራ ቀረ። በመሆኑም መረጃ የተገኘው ሳተላይቱ በሶቪየት ጣቢያዎች ላይ ሲያልፍ ብቻ ሆነ፤ መሬትን የከበቡትን የጨረር ቀበቶዎች ለዓለም ያሳወቀው አሜሪካዊው ቫን አለን ሆነ። ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። 12 መሣሪያዎች ቢሠሩም የለኩትን የሚይዘው አንዱ ዕቃ ከተበላሸ የብዙ ሺህ ሠራተኞች ድካም ግማሹ በነፋስ ይበተናል። የምርምር መሪ ታላቁን ዓላማ ብቻ ሳይሆን ትንሿን ዕቃም መቆጣጠር ይገባዋል።

እዚህ ላይ ሀገራችንን የሚመለከት አንድ ነገር እናንሣ። እነዚህ ሳተላይቶች የወጡት ከሐምሌ 1957 እስከ ታኅሣሥ 1958 በቆየው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ነበር። አዲስ አበባ ለመግነጢሳዊው የምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ መመልከቻ ጣቢያውን ያቋቋመው በዚሁ ወቅት ነው። ሳይንስ በእርግጥ የአንድ ሀገር ርስት አይደለም።

ከዚያ በኋላ ድሎች ተከታተሉ። በጥቅምት 1959 ሉና 3 የጨረቃን የማይታይ ገጽ ፎቶግራፍ አነሣች፤ መንኮራኩሯ በጨረቃ ስበት ተጠምዝዛ ወደ መሬት የምትመለስበትን መንገድ ያሰላው የኬልዲሽ ተቋም ነበር። በዚያው ዓመት ማብቂያ የጠፈር ምርምርን የሚያስተባብር የሳይንስና ቴክኒክ ምክር ቤት ሲቋቋም ሊቀ መንበሩ ሆነ። ሶቪየት ኅብረት አንድ ወጥ የጠፈር መሥሪያ ቤት አልነበራትም። መንኮራኩሩን የሚሠሩት የኢንዱስትሪ ሚኒስቴሮች፣ የሚያስወነጭፈው ጦር ሠራዊቱ፣ የምርምሩን ጥያቄ የሚያቀርበው ደግሞ አካዳሚው ነበር። እነዚህን አካላት በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የማስማማቱ ኃላፊነት የኬልዲሽ ሆነ። በስብሰባ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ የተኛ መስሎ ይቀመጥና በመጨረሻ የክርክሩን ቁልፍ የሚነካ ጥያቄ ያነሣ እንደነበር የሥራ ጓዶቹ ያወሳሉ።

በግንቦት 1961 የሳይንስ አካዳሚው ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ። በዚህ ሥልጣን ላይ ሳለ የገጠመው ከባድ ፈተና በምድር ላይ ነበር። ትሮፊም ሊሴንኮ የተባለው የእርሻ ባለሙያ የዘር ውርስ ሳይንስን በርዕዮተ ዓለም ስም እያወገዘ፣ በሥልጣን ድጋፍ እየታገዘ፣ ለብዙ ዓመታት የሀገሪቱን ሥነ ሕይወት አሽመድምዶ ነበር። በ1964 የአካዳሚው ጉባኤ የሊሴንኮን የቅርብ ሰው ለአባልነት ሳይመርጥ ቀረ፤ መሪው ኒኪታ ክሩሽቾቭም በአካዳሚው ላይ ተቆጣ። ክሩሽቾቭ ከሥልጣን ከወረደ በኋላ አካዳሚው የሊሴንኮን የእርሻ ጣቢያ በኮሚሽን አስመረመረ፤ የተነገረለት ውጤት በመዝገብ ሲመረመር እውነት ሆኖ አልተገኘም። ሊሴንኮ በ1965 ከተቋም ኃላፊነቱ ተነሣ። ላም ወተቷን የምትሰጠው በተላለፈው ውሳኔ መጠን ሳይሆን በተፈጥሮ ሕግ ነው። ተፈጥሮ ለመፈክር አትታዘዝም።

ሚዛናዊ ለመሆን ጉድለቱንም ማየት ይገባናል። ሰውን ወደ ጨረቃ ለመላክ የታቀደውን ኤን 1 የተባለ ግዙፍ ሮኬት የመረመረውና የደገፈው ኬልዲሽ የመራው የባለሙያዎች ኮሚሽን ነበር። የሮኬቱ የመጀመሪያ ክፍል በመሬት ላይ በሙሉ ተሰብስቦ ሳይፈተን ተተኮሰ፤ ከ1969 እስከ 1972 አራት ጊዜ ተሞክሮ አራቱንም ጊዜ ከሸፈ። በ1973 ደግሞ ኬልዲሽ የፊዚክስ ሊቁን አንድሬይ ሳኻሮቭን በሚያወግዘው የአካዳሚሽያኖች ደብዳቤ ላይ ፈረመ። ሳኻሮቭ በ1964 ጉባኤ ላይ በሊሴንኮ ሰው ላይ በግልጽ ከተናገሩት አንዱ ነበር። እውነትን በቤተ ሙከራ የሚጠብቅ ሰው በአደባባይ ሲፈተን ሊሸነፍ እንደሚችል ይህ ፊርማ ያስረዳል።

ሰው አልባ መንኮራኩሮች ግን ሥራቸውን በሚገባ ፈጸሙ። በ1970 ሉና 16 የጨረቃ አፈር 101 ግራም ይዛ ተመለሰች፤ ሉኖኾድ 1 በጨረቃ ላይ ተሽከረከረ፤ ቬኔራ 7 ከቬኑስ ገጽ መረጃ ላከች። በጥር 1971 ኬልዲሽ ከአሜሪካ የጠፈር መሥሪያ ቤት ምክትል ኃላፊ ከጆርጅ ሎው ጋር የትብብር ስምምነት አደረገ። ባላንጣ የነበሩት ሁለቱ ሀገሮች በዚያው ዓመት የጨረቃ አፈር ተለዋወጡ፤ በሐምሌ 1975 ደግሞ መንኮራኩሮቻቸው በጠፈር ላይ ተያያዙ።

ኬልዲሽ በጤና ምክንያት በ1975 ከፕሬዚዳንትነቱ ወረደ፤ ሰኔ 24 ቀን 1978 አረፈ። ሦስት ጊዜ የሶሻሊስት ሥራ ጀግና ተብሎ ተሸልሟል። ያም ሆኖ በጠፈር ሥራ የነበረው ድርሻ ምስጢር በመሆኑ ጋዜጦች ለብዙ ዓመታት ስሙን ሳይጠሩ የኮስሞናውቲክስ ዋና ንድፈ ሐሳባዊ ብቻ ይሉት ነበር።

ይህ ታሪክ ለእኛ ምን ይጠቅመናል? ሀገራችን ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ. 1 የተባለችውን፣ 70 ኪሎ ግራም ያህል የምትመዝን የመጀመሪያዋን የመሬት መመልከቻ ሳተላይት ከቻይና ምድር አስወንጭፋለች፤ መቀበያ ጣቢያዋም እንጦጦ ላይ ተተክሏል። ሳተላይት ያመጠቀ ሀገር የኬልዲሽ ጥያቄ ይጠብቀዋል። ካሜራው ምን ይመልከት? የታየውስ ለማን ይድረስ? በሐዋሳ አጠገብ የነበረው የጨለለቃ ሐይቅ በደለል ተሞልቶ ወደ ረግረግ መለወጡን አረጋውያን ያስታውሳሉ፤ ያ ደለል በጥቁር ውሃ ወንዝ በኩል ወደ ሐዋሳ ሐይቅም ይደርሳል። ከላይ የሚነሣ ፎቶግራፍ ይህን ለውጥ ከዓመት ዓመት ለይቶ ሊያሳይ ይችላል፤ ነገር ግን ፎቶግራፉ በመዝገብ ቤት ተቆልፎ ከቀረ ከተበላሸው የስፑትኒክ 3 መቅረጫ አይሻልም።

ስለዚህ የሠራተኛውና የቀበሌው ነዋሪ ድርሻ ሮኬት ሲወጣ ማጨብጨብ ብቻ ሊሆን አይገባም። ምን እንደተጫነ፣ ለምን እንደተጫነ፣ ምን እንደተገኘም መጠየቅ ይኖርበታል። የምርምር መሪዎችም ለጥያቄው በመዝገብና በማስረጃ መልስ የመስጠት ግዴታ አለባቸው።