የሀገሩን ማዕድ ጽፎ ያቆየው ስደተኛ

በረመዷን ከዐስር ሶላት በኋላ በደሴ ከአረብ ገንዳ ወደ ፒያሳ የሚወጣ ጾመኛ አፍንጫው ይፈተናል። በየደጃፉ ሳምቡሳ ይጠበሳል፣ በየጓዳው ሾርባ ተጥዷል፣ ተምሩ ታጥቦ መግሪብን ይጠብቃል። ኮምቦልቻም ብንወርድ ያው ነው። ይህ የምንወደው ሳምቡሳ ግን የትናንት ምግብ አይደለም። ኢብን ሰያር አል-ወራቅ የተባለው ጸሐፊ ከሺህ ዓመት በፊት በባግዳድ ባዘጋጀው የምግብ መጽሐፍ ውስጥ ከነአሠራሩ ይገኛል።

ስለ ወጥ ቤት ብዕር ያነሱ የቀደሙ ሙስሊም ጸሐፊዎች ጥቂት አይደሉም። በዛሬው የረመዷን ዓምዳችን የምናስታውሰው ከእነርሱ አንዱን፣ አቡል ሐሰን ዐሊ ኢብን ሙሐመድ ኢብን ረዚን አት-ቱጂቢን ነው። እሱን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ኢብን ረዚን ስለ ምግብ የጻፈው ጠግቦ በሀገሩ ተቀምጦ ሳይሆን፣ ተሰድዶ በሰው ሀገር ሳለ ነው። ወሎዬ ደግሞ ይህን ነገር ሳይነግሩት ያውቀዋል። በ2014 ዓ.ም. መግቢያ ከሰሜን ወሎ የተፈናቀሉ ቤተሰቦች በደሴ ትምህርት ቤቶች ተጠልለው፣ በሦስት ጉልቻ ላይ የቀመሱትን እናስታውሳለን። ብዙም ሳይቆይ ደሴዎች ራሳቸው ልጆቻቸውን አዝለው ወጡ።

ኢብን ረዚን የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1227 በአንደሉስ ምድር፣ ዛሬ የስፔን ከተማ በሆነችው ሙርሲያ ነው። ቤተሰቡ የታወቀ ነበር። ሙርሲያ በወንዝ ዳር የተመሠረተች፣ በመስኖ የሚለማ የአትክልትና የፍራፍሬ ምድር የከበባት፣ በሐር ሥራዋም የምትታወቅ ከተማ ነበረች። ልጁ ግን ያደገው መጥፎ ወሬ እየሰማ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ ቁርጡባ በካስቲል ንጉሥ እጅ ወደቀች። ሁለት ዓመት ቆይቶ ቫሌንሲያ ተከተለች። በ1243 የሙርሲያ ገዢዎች ለካስቲል ገበሩ። ኢብን ረዚን ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ በ1247፣ ባሕር ተሻግሮ ወጣ። የሄደ ሁሉ እመለሳለሁ ይላል፤ የእሱ መንገድ ግን ወደፊት ብቻ ነበር።

መጀመሪያ ያረፈው በሰሜን አፍሪካ ጫፍ ባለችው ሰብታ ነው። ከዚያ ዛሬ አልጄሪያ ውስጥ ወዳለችው ቢጃያ ተሻገረ፤ በዚያም በዑለማዎች ዘንድ እየተማረ ዓመታት ቆየ። በመጨረሻ ቱኒስ ገባ። የሐፍሲዮች መናገሻ የነበረችው ቱኒስ በዚያን ጊዜ ከአንደሉስ በሸሹ ጸሐፊዎች፣ ዳኞች፣ ግንበኞችና አትክልተኞች ተሞልታ ነበር። ኢብን ረዚን በሐዲስ፣ በታሪክና በሥነ ጽሑፍ የተማረ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ግጥም ወይም የነገሥታት ታሪክ ይጽፋል ብለን እንጠብቃለን። ስሙን እስከ ዛሬ ያቆየችው ግን የወጥ ቤት መጽሐፉ ናት።

መጽሐፏ ፉዷለቱል ኺዋን ትባላለች። ፉዷላ የሚለው የዐረብኛ ቃል ትርፍ፣ ቅሪት የሚል ስሜት አለው፤ ኺዋን ደግሞ ገበታ ማለት ነው። የጻፋትም በ1260ዎቹ ገደማ ቱኒስ ሆኖ ነው። ባግዳድን ሞንጎሎች ያወደሟት በ1258 ነው፤ የሙርሲያም ነገር በ1266 ፈጽሞ አበቃ። ሰውየው ግን በመግቢያው ላይ እንባ አያፈስስም። የአንደሉስ ሰዎች በጠላት ድንበር ላይ እየኖሩም በምግብ ሙያ ከማንም እንደማያንሱ በኩራት ይናገራል፤ የምሥራቆቹን የምግብ መጻሕፍትም ሳይሸነቁጥ አያልፍም። በሀገሩ ባልትና የሚኮራ ሰው ምን እንደሚል ከወሎ ሴቶች በላይ የሚያውቅ የለምና እዚህ ላይ ፈገግ ማለታችን አልቀረም።

መጽሐፏ በዐሥራ ሁለት ክፍሎች ወደ 475 የሚጠጉ የምግብ አሠራሮች ይዛለች። የምትጀምረው ከዳቦና ከሰሪድ ነው። ሰሪድ በሥጋ መረቅ የራሰ የተቆራረሰ ዳቦ ነው፤ በእኛ ቋንቋ ፍትፍት ብንለው አንሳሳትም። ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ከምግቦች ሁሉ ብልጫ እንዳለው የመሰከሩለት ምግብ ስለሆነ፣ አንድ ዓሊም መጽሐፉን በእርሱ ቢከፍት አይደንቅም። ለቤታችንም ትምህርት አለው፤ ከትናንት የተረፈ ዳቦ ወይም እንጀራ በትኩስ መረቅ ሲርስ ለሱሑር ሙሉ ምግብ ነው፤ የሚጣልም ነገር አይኖርም።

ከዚያ የሥጋው፣ የዶሮው፣ የዓሣውና የእንቁላሉ፣ የወተቱና የአይቡ፣ የአትክልቱ፣ የባቄላና የሽምብራው ክፍል እያለ ይቀጥላል። ኩስኩስን የሚያበስልበት መንገድ ቆም ብለን እንድናየው ያደርገናል። ከታች ወጡ ይንተከተካል፤ ከላይ ታቹ በተበሳ ዕቃ ኩስኩሱ ይቀመጣል፤ ሁለቱ ዕቃዎች የሚገናኙበት ስንጥቅ በሊጥ ይደፈናል። ምክንያቱ እንፋሎቱ በጎን ካመለጠ እህሉ ሳይበስል መቅረቱ ነው። የእኛ እናቶች በምጣዱና በአክንባሎው መካከል እርጥብ ጨርቅ የሚወትፉት ለዚሁ ነው። አንዱ የባሕር ማዶ ሰው ነው፣ ሌላዋ የቦሩ ሜዳ ባልቴት፤ እንፋሎቱ ግን ሁለቱንም ያስተማራቸው አንድ ነገር ነው።

ቅመሙ የሚበዛው ድንብላል ነው፤ እርጥቡም ደረቁም በየድስቱ ይገባል። ዝንጅብል፣ ቀረፋና ቁንዶ በርበሬም አሉ። በርበሬ ግን የለም፣ ቲማቲምም የለም፣ ድንችም የለም፤ ሦስቱም ከአሜሪካ ምድር የመጡት እሱ ከሞተ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ወጥ ያለ በርበሬ እንዴት ይበላል የሚል ደሴዬ ካለ፣ አልጫውን በድንብላልና በዝንጅብል ሞክሮ መፍረድ ይችላል። ጨጓራው በጾም ለሚነድ ሰው በተለይ ማፍጠሪያው ላይ ይስማማዋል።

አንድ የምግብ ክፍል ስለ አንበጣ ነው። አንበጣ በሸሪዓችን ሐላል መሆኑን ብናውቅም፣ በ2013 መግቢያ መንጋው ወሎን ወርሮ ማሽላውንና ጤፉን ሲያወድም ወደ ድስት ያሰበው ብዙ አልነበረም። ይህን ለጨዋታ ያህል አነሳነው።

ስለ ጓዳ ንጽሕናና ስለ ምግብ አያያዝ የምንነግራችሁን ደግሞ ከእሱ ትንሽ ከሚቀድመው ከባግዳዱ ሙሐመድ ኢብን ሐሰን እንጨምርበት። አል-ባግዳዲ በ1226 መጽሐፉን ሲጽፍ ለወጥ ሠሪ የሰጠው ምክር ዛሬም አላረጀም። ጥፍር ይቆረጥ ይላል። ሥጋው ከደሙ ጸድቶ ለብ ባለ ውኃና በጨው ይታጠብ፤ ሲፈላ የሚወጣው አረፋ እየተገፈፈ ይጣል፤ አለዚያ መረቁ ይደፈርሳል፣ ይከረፋል። ቅመም ተለቅሞ በደንብ ይላም። እንጨቱ ደረቅና የማያጨስ ይሁን፤ የወይራ ዘር መልካም ነው፣ የበለስ እንጨት ግን ጭሱ ምግቡን ያበላሻል። የወይራን ነገር ለወሎ እናት መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው፤ ማለቢያውን የምታጥንበት እኮ እሱ ነው። አረፋውን የመግፈፉን ነገር ግን አደራ እንላለን። ለኢፍጣር ስንጣደፍ የምንዘለው እሱን ነው፤ ሾርባው ጠቁሮ የሚቀርበውም ለዚህ ነው።

ኢብን ረዚንም ለማቆየት ትልቅ ቦታ ሰጥቷል። አንድ ሙሉ ክፍል በጨው ስለሚቀመጥ ሎሚና ወይራ፣ ስለ ኮምጣጤ፣ ስለ ዘይት ይናገራል። ስደተኛ የማቆየትን ዋጋ ያውቃል። በረመዷን ሎሚ ሲወደድ የምትማረር እመቤት በርከሻው ጊዜ በጨው ነስንሳ በንጹሕ ጠርሙስ ብትከድነው ለወራት ይቆይላታል፤ የሎሚው ጭማቂ ፍሬውን ሸፍኖት መቆየቱን ብቻ ታረጋግጥ።

በዚህች መጽሐፍ አንድ ቅር የሚለን ነገር አለ። እነዚያን ድስቶች በሙርሲያ ቤቶች የጣዱ እናቶችና አገልጋይ ሴቶች ስማቸው አይነሳም። አንድ የሃያ ዓመት ወጣት ዓሊም ከእናቱ ጓዳ ካልሆነ ይህን ሁሉ ጣዕም ከየት አመጣው ብለን እንጠይቃለን። በእኛም ሀገር የባልትናው ባለቤት ሴት ናት፤ ሙያዋ ያለው ደግሞ በእጇ ነው። ስንት ጭልፋ፣ ስንት ጭብጥ እንደሆነ ልጇ አጠገቧ ቆማ ካላየች ከእርሷ ጋር ይቀበራል። ኢብን ረዚን ይህን ቀድሞ የገባው ይመስለናል፤ ሀገር እንደሌለው ካወቀ በኋላ የቸኮለው ይህን ለመጻፍ ነው።

ኢብን ረዚን በቱኒስ በ692 ዓመተ ሂጅራ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1293 ወደ አኺራ ሄደ። መጽሐፉ ከእጅ ወደ እጅ እየተገለበጠ ኖረ፤ በየቅጂው ግን የጎደሉ ምዕራፎች ነበሩት። ከጥቂት ዓመታት በፊት በለንደኑ የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የጎደለውን የያዘ ቅጂ ተገኘ። ኢራቃዊቷ ተመራማሪ ነዋል ነስረላህም በ2021 ሙሉውን ወደ እንግሊዝኛ ተርጉማ አሳተመችው። የመጨረሻው ክፍል የሚናገረው ከምግብ በኋላ ስለሚደረገው ነገር ነው፤ ቅባቱንና የምግቡን ጠረን ከእጅ ላይ የሚያጠፋ፣ መልካም ሽታ ያለው የእጅ መታጠቢያ እንዴት እንደሚዘጋጅ።