አቡል በረካት አል-ባግዳዲ፦ ከበር ጠባቂው ጎን ተቀምጦ የተማረው ሊቅ

በባግዳድ ስመ ጥር የነበረው ሐኪም አቡል ሐሰን ሰዒድ የሁዲ ደረሳ አይቀበልም ነበር። ሂበቱላህ ቢን መልካ የተባለው ወጣት ደግሞ የሁዲ ነበርና ደጋግሞ ጠይቆ ተከለከለ። ሆኖም አልሄደም። ከበር ጠባቂው ጋር ተወዳጅቶ መግቢያው ላይ እየተቀመጠ፣ ውስጥ የሚቀራውን ሁሉ በጆሮው ይለቅም ጀመር። ዓመት ያህል እንዲህ ቆየ። አንድ ቀን ደረሶቹ አንድ ጥያቄ መመለስ ሲያቅታቸው ፈቃድ ጠይቆ ገባና መለሰ። ሸይኹ ከየት እንደተማረ ሲሰማ፣ ለኢልም እንዲህ የጓጓን ሰው መከልከል ተገቢ አይደለም ብሎ ተቀበለው።

ኋላ አውሐዱዝ ዘማን፣ ማለትም የዘመኑ አቻ የለሽ፣ የተባለው አቡል በረካት ይህ ወጣት ነው። የተወለደው በ11ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ከሞሱል አቅራቢያ በለድ በምትባል ከተማ ሲሆን፣ በባግዳድ የኸሊፋዎችና የሰልጁቅ ሱልጣኖች ሐኪም ሆነ። በእድሜው ማምሻ ሰለመ። ለምን እንደሰለመ ጸሐፊዎች የተለያየ ምክንያት ያወራሉ፤ የልቡን አላህ ያውቃል።

እኛ ግን ዛሬ ያነሳነው ስለ ሕክምናው አይደለም። ኪታቡል ሙዕተበር በተሰኘው ሥራው ውስጥ ስለሚወድቅ ድንጋይ ስለጻፈው ነው። የግሪኩ አሪስጣጣሊስ ተከታዮች፣ የማይለወጥ ጉልበት የማይለወጥ ፍጥነት ይሰጣል ብለው ያምኑ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ፊዚክስ የሚጀምሩ ልጆቻችንም ይህንኑ ይሳሳታሉ። ሰበቃ በሌለበት ወለል ላይ ያለ 2 ኪሎግራም ሳጥን በ10 ኒውተን ሳይቋረጥ ቢገፋ ፍጥነቱ ስንት ይሆናል ሲባሉ አንድ ቁጥር ይፈልጋሉ። 10ን ለ2 ብናካፍል የምናገኘው 5 ግን ፍጥነት አይደለም፤ በየሰከንዱ የሚጨመረው ፍጥነት ነው። ቆሞ የነበረው ሳጥን ከ1 ሰከንድ በኋላ በሰከንድ 5 ሜትር፣ ከ3 ሰከንድ በኋላ 15 ሜትር ይሄዳል። ጉልበቱ ያው ነው፤ ፍጥነቱ ግን ያድጋል።

አቡል በረካት የደረሰበት የዚህ ሐሳብ ዘር ነው። የሚወድቅ ድንጋይ ለምን እየፈጠነ እንደሚሄድ ሲያስረዱ፣ ወደ ላይ የወረወረው ጉልበት ቀስ በቀስ ስለሚዳከም ነው የሚሉ ነበሩ። እሱ ግን ማንም ወደ ላይ ሳይወረውረው ከከፍታ የተለቀቀውን ድንጋይ ተመለከተ። ያም ይፈጥናል፤ ከፍታው በጨመረ ቁጥር መጨረሻው ላይ ይበልጥ ፈጥኖ፣ ይበልጥ ይሰብራል። ምክንያቱን ሲያስረዳም፣ ድንጋዩን ወደታች የሚስበው ኃይል ከውስጡ ስለማይለይ በእያንዳንዷ ቅጽበት ዝንባሌ ላይ ዝንባሌ ይጨምርለታል አለ። ዝንባሌውን በዐረብኛ መይል ይሉታል።

አንዳንዶች ከዚህ ተነስተው የኒውተንን ሕግ ቀድሞ አገኘው ይላሉ። እኛ እንዲህ አንልም። ስለ መጠነ ቁስ ዛሬ ያለን ግንዛቤ አልነበረውም፤ በቁጥርም አላሰላውም። ሊቃችንን ያልሠራውን ሠራ ማለት የሠራውን ማሳነስ ነው። የሠራው ደግሞ ትንሽ አይደለም፤ ለዘመናት የተከበረን አስተያየት አይቶ፣ መዝኖ፣ አልተቀበለውም።

በስተርጅናው ዓይኑ ጠፋ። ያኔ ሙዕተበርን በቃሉ እየነገረ ደረሶቹ ይጽፉለት ነበር። በ560 ሂጅራ አካባቢ ሞተ። ኢማም ፈኽሩዲን አር-ራዚ ኪታቡን ካነበቡትና ከተከራከሩበት ዑለሞች አንዱ ናቸው። በማተሚያ ቤት የታተመው ግን ገና በ1357 ሂጅራ፣ በህንዷ ሐይደራባድ ነው።