ስሙ ጭቃ የነበረው ዓሣ አጥማጅ

የአክስቴ ልጅ ከስድስት ዓመት የደቡብ አፍሪካ ኑሮ በኋላ ሆሳዕና የገባ ዕለት፣ ከሻንጣው ካወጣቸው ዕቃዎች ሁሉ ዓይኔ ያረፈው ጣት በምታክል ዓሣ ላይ ነበር፡፡ ጀርባዋ ጥቁር፣ ጎኗ ብርማ ሆኖ ከሆዷ ሥር ባለሦስት ጫፍ መንጠቆ ተንጠልጥሎባታል፡፡ የተሠራችው ከእንጨት ነው፡፡ አብረዋት በፌስታል የታሰሩ የፕላስቲክ ትሎች ነበሩ፤ ሲነኳቸው እንደ እውነተኛ ትል ይዝለገለጋሉ፡፡ አክስቴ ትሎቹን ስታይ አማትባ ከቤት እንዲወጡላት አዘዘች፡፡ ይሠራበት የነበረው ሱቅ ባለቤት ቅዳሜና እሑድ ዓሣ ሲያጠምድ የሚውል ሰው ስለነበር ሲሰናበተው የሰጠው ስጦታ ነው፡፡

ዓሣዋ ላይ “ራፓላ” የሚል ጽሑፍ አለ፡፡ የፋብሪካ ስም መስሎኝ ነበር፤ ለካስ የሰው ስም ነው፡፡ በፊንላንድ ቋንቋ “ራፓ” ማለት ጭቃ መሆኑን ሳነብ ደግሞ የሰውየውን ታሪክ እስከ መጨረሻው ካልተከታተልኩ እንቅልፍ አልወስደኝ አለ፡፡ ምክንያቱን ልናገር፡፡ እኔ ባደግኩበት በሐዲያና በከምባታ አገር ጭቃ አቡክተው ጀበናና እንስራ የሚሠሩ ቤተሰቦች ለብዙ ዘመን ተገልለው ኖረዋል፡፡ ከሌላው ጋር አይጋቡም ነበር፣ አብረው አይበሉም ነበር፡፡ የሚጠሩበትን ቃል እዚህ አልጽፈውም፤ ዛሬም ስድብ ነውና፡፡ በልጅነቴ ጀበናቸው ቤታችን ይገባል፣ ሠሪዎቹ ግን ከደጅ ይመለሱ ነበር፡፡ እና ስሙ ጭቃ የሆነ ሰው በእጁ ሥራ ዓለምን እንዴት እንዳዳረሰ ማወቅ ፈለግኩ፡፡

ላውሪ ራፓላ የተወለደው እ.ኤ.አ. ኅዳር 27 ቀን 1905 ሲስማ በምትባል የፊንላንድ ገጠር ነው፡፡ አገሩ ያኔ በሩሲያ ዛር ሥር ነበረች፡፡ እናቱ ማሪ ሳሪነን ትባላለች፤ አባት በመዝገብ አልሰፈረለትም፡፡ ልጁ ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆነው እናትና ልጅ ወደ አሲካላ አጥቢያ ተዛወሩ፡፡ እንደሚነገረው የአጥቢያው ቄስ የቤተሰቡ ስም ጠፋባቸውና የመጡበትን መንደር ስም መዝገቡ ላይ አሰፈሩ፤ ራፓላ ብለው፡፡ ድሃ ስለነበሩ ይስተካከልልን ያለ አልተገኘም፡፡ እንዲህ ያለ የመዝገብ ቤት ስሕተት የስንቱን ሰው ስም እንደለወጠ እኛም አገር እናውቀዋለን፡፡

በ1928 ኤልማ ሌፓነንን አገባ፡፡ በበረዶው ወራት እንጨት ቆራጭ፣ በበጋ በፓይያነ ሐይቅ ላይ ዓሣ አጥማጅ ነበር፡፡ በ1930ዎቹ የዓለም ኢኮኖሚ ሲወድቅ ኑሮው የባሰ ሆነ፡፡ የሚያጠምደው ሺህ ገደማ መንጠቆ ባለው ረጅም ገመድ ነው፡፡ እያንዳንዱ መንጠቆ ላይ ምግብ መሰካት አለበት፤ ዓሣው ሲበላው እንደገና፣ ሲወድቅ እንደገና፡፡ ቀኑ የሚያልቀው መንጠቆ ላይ ምግብ በመሰካት ነበር ማለት ይቻላል፡፡

ታዲያ ላውሪ መቅዘፉን እየተወ ውኃውን የማየት ልማድ ነበረው፡፡ ትልቁ ዓሣ በትንንሾቹ መንጋ መካከል ሲገባ ሁሉንም አያሳድድም፡፡ ከመካከላቸው የቆሰለውን፣ ወደ ጎን ዘመም ዘመም እያለ የሚዋኘውን ይለይና እሱን ይውጣል፡፡ ሌላው ዓሣ አጥማጅ ይህን ሳያይ የቀረ አይመስለኝም፡፡ ላውሪ ግን ያችን መንገዳገድ ከእንጨት ሊያወጣት ተነሣ፡፡

በ1936 የጫማ ሰፊ ቢላና ብርጭቆ ወረቀት ይዞ ከቡሽ አንዲት ዓሣ ቀረጸ፡፡ ለቅርፊቷ ብልጭታ የቸኮላትና የአይብ መጠቅለያ ብርማ ወረቀት አለበሳት፡፡ ቫርኒሽ መግዣ ስላልነበረው ያገለገለ የፎቶ ኔጋቲቭ አቅልጦ ቀባት፡፡ ከአፏ ሥር ትንሽ ምላስ ሰካ፤ የጥበቡ ዋና ነገር እዚህ ጋ ነው፡፡ ክሩ ሲጎተት ውኃው ምላሷን ይገፋታል፣ ዓሣዋም አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ ትወላገዳለች፡፡ አካሏ ቀላል፣ ክብደቷ ወደ ሆዷ ካልሆነ ግን ትገለበጣለች፡፡ ስንቷ ተጥላ ስንተኛዋ እንደተሳካች የተቆጠረ ነገር የለም፡፡ ቤተሰቡ ሲተርክ ላውሪ በዚህች ማታለያ አንዳንድ ቀን እስከ 270 ኪሎ ዓሣ ይዞ ይመለስ ነበር፡፡ የዓሣ አጥማጅ ወሬ መቼም ይጨምራል፤ ሲሶው እንኳ እውነት ቢሆን ብዙ ነው፡፡

ጎረቤት ማታለያዋን ይፈልጋት ጀመር፡፡ ጦርነቱ መጣና ላውሪ ዘመተ፤ ቡሽ ከገበያ ሲጠፋ በጥድ ቅርፊት ሠራ፡፡ ከጦርነቱ በኋላ ልጆቹም ሥራውን ተማሩ፣ ወንዶቹ ልጆች መቁረጫና መፋቂያ ማሽን ፈጠሩለት፡፡ አንድ ነገር ግን ለማሽን አልተተወም፤ እያንዳንዷ ዓሣ ውኃ ውስጥ ተጎትታ አዋዋኟ ታይቶ፣ ካልቀናች በእጅ ተስተካክላ ነው የምትሸጠው፡፡ በ1952 የሄልሲንኪ ኦሎምፒክ የመጡ እንግዶች ማታለያዋን በየሻንጣቸው ይዘው ሄዱ፡፡ በ1959 ሮን ዌበር የተባለ የሚኒሶታ ነጋዴ አገኛትና ከባልደረባው ሬይ ኦስትሮም ጋር ማስመጣት ጀመሩ፡፡ ቀጥሎ የመጣው ዕድል የሚባል ነገር ነው፡፡ በነሐሴ 1962 ላይፍ መጽሔት ስለ ማታለያዋ አንድ ጽሑፍ አወጣ፡፡ የዚያው ዕትም ሽፋን የሞተችው ማሪሊን ሞንሮ ነበረች፤ መጽሔቱም እጅግ ብዙ ሰው እጅ ገባ፡፡ ከዚያ በኋላ የመጣው ትዕዛዝ ወደ 3 ሚሊዮን እንደነበር ይነገራል፡፡ ያ ቤተሰብ ይህን ያህል በአንድ ጊዜ ሊሠራ የሚችልበት መንገድ አልነበረም፤ ፋብሪካ መገንባት ግድ ሆነ፡፡

ስለ አክስቴ መጥፎ ትሎችም አንድ ቃል ልበል፡፡ እነሱም የጓዳ ልጆች ናቸው፡፡ በ1949 ኦሃዮ ውስጥ አክሮን በምትባለው የጎማ ፋብሪካዎች ከተማ ኒክ ክሪም የተባለ ሰው ከሚስቱ ጋር በቤታቸው ምድጃ ላይ ቪኒል፣ ዘይትና ቀለም እያፈሉ የመጀመሪያዎቹን ለስላሳ ትሎች አወጡ፡፡ ዛሬ በየአገሩ በቤቱ የሚሠራ ሰው ብዙ ነው፡፡ ነጭ ፈሳሽ ፕላስቲክ ተገዝቶ ወደ 175 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃል፣ ሲጠራ በጄሶ ወይም በሲሊኮን ቅርጽ ማውጫ ይፈሳል፣ በደቂቃዎች ውስጥ ይረጋል፡፡ የተበጠሰው እንደገና ይቀልጣል፡፡ ከመጠን በላይ ከሞቀ ግን ሳንባ የሚያቃጥል ጭስ ያወጣል፤ ጄሶው እርጥበት ካለው ደግሞ የፈላው ፕላስቲክ ፊት ላይ ይረጫል፡፡ እንጀራ በሚጋገርበት ማዕድ ቤት የሚሞከር ሥራ አይደለም፡፡ ሐይቅ ውስጥ ተበጥሶ የሚቀረውም አይበሰብስም፡፡ እኔ እንጨቷን እመርጣለሁ፡፡

ለእኛ አካባቢ ይህ ሁሉ ምን ይፈይዳል የሚል አንባቢ ይኖራል፡፡ ጊቤ ሦስት ግድብ እ.ኤ.አ. በ2015 ውኃ መያዝ ሲጀምር የሐዲያና የከምባታ ቆላ ሐይቅ አጠገብ ሆነ፡፡ ማረሻ ይዞ ያደገ ወጣት መረብ መጣል ተማረ፡፡ የአክስቴ ልጅም ወደዚያው ወረደና ዓሣዋን ሲጥል አጥማጆቹ ሳቁበት፡፡ ደግሞም እውነት አላቸው፤ ገበያው የሚፈልገው ቆሮሶ ዋና ምግቡ አልጌ ስለሆነ ትንሽ ዓሣ አያሳድድም፡፡ ይህች ማታለያ አዳኝ ዓሣ ትፈልጋለች፤ አባያና ጫሞ ላይ እንዳለው ናይል ፐርች ያለ፡፡ ስለዚህ እዚህ ሆኖ በማታለያ ሀብታም ይኮናል የሚል ተስፋ ለማንም አልሰጥም፡፡

ላውሪ ራፓላ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 20 ቀን 1974 በ68 ዓመቱ አረፈ፡፡ በስሕተት የተጻፈበት ስም ዛሬ ከ140 በላይ በሆኑ አገሮች ይሸጣል፡፡

የአክስቴ ልጅ ለጊዜው ስለ መመለስ አያወራም፡፡ ከጓሮ የኮርች እንጨት ቆርጦ፣ ከሲጋራ ፓኮ ብርማውን ወረቀት ልጦ ሁለት ዓሣ ሠርቷል፡፡ የመጀመሪያዋን በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ስንጎትታት በጀርባዋ ተገለበጠች፡፡ ሁለተኛዋ ቀጥ ብላ ሄደች፤ ይህም አይሆንም፣ መንገዳገድ አለባት፡፡ ባለፈው እሑድ ስሄድ ሦስተኛዋን ደጅ ላይ ተቀምጦ ይፍቅ ነበር፡፡ አክስቴ ሰው እንዳያየው ጓሮ ገብቶ እንዲፍቅ ለመነችው፤ እሱ ግን ከደጁ አልተነሣም፡፡