ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ፦ ከአዲስ ዓለም እስከ ሕግ መምሪያ ምክር ቤት

ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በ1908 ዓ.ም. ከቡራዩ በስተምዕራብ በምትገኘው አዲስ ዓለም ተወለዱ። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ በልጅነታቸው ወደ ስዊዘርላንድ ልከው አስተማሯቸው። ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ጎሬ ላይ ተሰልፈው ቁስለኞችን አስታመሙ፤ ተማርከውም በአዚናራ ደሴት ታሰሩ። ከነጻነት በኋላ የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤትን በዳይሬክተርነት መሩ። በ1950 ዓ.ም. ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ፤ በምክትል ፕሬዚዳንትነትም አገለገሉ።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የወጣው እርሳቸው በምክር ቤቱ ሳሉ ነው። ሕጉ ባልን የቤተሰብ አለቃ አደረገ። ከአሠሪው ጋር ለሚኖር ሠራተኛ ደግሞ አሠሪው በመኖሪያ፣ በምግብ፣ በሥራና በዕረፍት ሰዓት ረገድ ጤናውን እንዲጠብቅ አዘዘ። የባል አለቅነት ኋላ በወጡ የቤተሰብ ሕጎች ተሽሯል። የቤት ሠራተኛ ጉዳይ ግን አልተሻሻለም፤ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የግል አገልግሎት ቅጥርን ከተፈጻሚነቱ ወሰን አውጥቶ ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ተወው።

ወይዘሮ ስንዱ በሚያዝያ 2001 ዓ.ም. አረፉ። ከገጠር መጥተው በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ በየሰው ቤት የሚያገለግሉ ልጃገረዶች ዛሬም ስለ ደመወዛቸውና ስለ ዕረፍታቸው የሚደራደሩት ብቻቸውን ነው። ስለዚህ ልጁን ለሥራ የሚልክ ገበሬም ሆነ ሠራተኛ የሚቀጥር የከተማ ነዋሪ ደመወዙን፣ የዕረፍት ቀኑንና የማሰናበቻ ማስጠንቀቂያውን በጽሑፍ ውል ቢያሰፍር ለሁለቱም ወገን ዋስትና ይሆናል።