ቦሪስ ሻጽ፦ የጥበብ ትምህርትን ከዕለት እንጀራ ጋር ለማስታረቅ የታገለው ቀራፂ

በኢየሩሳሌም ከነቢያት ጎዳና ጎን ኢትዮጵያ ተብሎ የሚጠራ ጠባብና ጸጥተኛ መንገድ አለ። በአጼ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ተጀምሮ በዳግማዊ አጼ ምኒልክ ዘመን የተፈጸመው የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ክብ ቤተ ክርስቲያን የሚገኘው በዚሁ መንገድ ላይ ነው። ከተማይቱ በኦቶማን ቱርኮች ሥር በነበረችበት በ1906 ዓ.ም. በዚህ ጎዳና በተከራየ አንድ ቤት ውስጥ አነስተኛ የጥበብ ትምህርት ቤት ሥራ ጀመረ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መሥራቹ ቦሪስ ሻጽ የተባለ ቀራፂ ነበር። ሥዕልና ቅርጻ ቅርጽ የተማረ ሰው በተማረው ሙያ ቤተሰቡን ማስተዳደር ይችላልን? የሚለው ጥያቄ ዕድሜውን ሙሉ ሲከተለው ኖሯል። ዛሬም ቢሆን ጥያቄው የጥበብ ዲግሪ ይዞ ሥራ ከሚፈልግ ወጣት ደጅ አልራቀም።

ሻጽ የተወለደው በ1866 ዓ.ም. በያኔው የሩሲያ ግዛት፣ በዛሬይቱ ሊቱዌኒያ፣ ቫርኒያይ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። አባቱ ሕፃናትን ሃይማኖት የሚያስተምር መምህር ስለነበር፣ ልጁም የእርሱን ፈለግ ተከትሎ የቅዱሳት መጻሕፍት ሊቅ እንዲሆን ተመኘ። በዚህም ምክንያት በወጣትነቱ በአይሁድ ትምህርት ወደታወቀችው ወደ ቪልና ከተማ ተላከ። ልጁ ግን ከመጽሐፉ ይልቅ ልቡ ወደ እርሳሱና ወደ ጭቃው አዘነበለ። የተቀረጸ ምስል መሥራት በትእዛዝ የተከለከለ ነው ተብሎ በሚታመንበት ቤት ላደገ ወጣት ቅርጻ ቅርጽን መምረጥ ቀላል እርምጃ አልነበረም። ከወላጆቹ ተስፋ የሚያርቅና የወደፊት መተዳደሪያው በውል የማይታወቅ መንገድ ነበር።

በቪልና ሥዕል ከተማረ በኋላ ወደ ዋርሶ ተሻግሮ ትምህርቱን ቀጠለ፤ እግረ መንገዱንም ሥዕል እያስተማረ ራሱን ይደጉም ነበር። ከዚያም የዘመኑ ሠዓልያን ሁሉ ወደሚጎርፉባት ወደ ፓሪስ አቀና። በዚያም በሩሲያ ስመ ጥር ከነበረው ከአይሁዳዊው ቀራፂ ከማርክ አንቶኮልስኪ ቅርጻ ቅርጽን፣ ከፈረንሳዊው ሠዓሊ ከፈርናንድ ኮርሞን ደግሞ ሥዕልን ተማረ። በፓሪስ ቆይታው ከሠራቸው ሁሉ ስሙን ያስጠራለት፣ በአሕዛብ ንጉሥ ላይ የተነሣውን ካህን ማታትያስን የሚያሳየው ሐውልት ነው።

በ1895 ዓ.ም. የቡልጋሪያው መስፍን ፈርዲናንድ ወደ ሶፊያ ጠራው። ለአንድ ወጣት ቀራፂ ይህ ታላቅ ዕድል ነበር። የቤተ መንግሥት ቀራፂ ሆነ፤ በ1896 ዓ.ም. የተቋቋመው የመንግሥት የሥዕል ትምህርት ቤት ሲመሠረትም ከመሥራቾቹ አንዱ ሆኖ በመምህርነት አገለገለ። ቋሚ ደመወዝ፣ መኖሪያ ቤትና ክብር አገኘ። ከሁሉ በላይ ግን በቡልጋሪያ አንድ ትልቅ ትምህርት ቀሰመ። ቡልጋሪያ በ1878 ዓ.ም. ከኦቶማን አገዛዝ የተላቀቀች አዲስ አገር ነበረች፤ ስለዚህም የገበሬውን ሽመና፣ የእንጨት ቅርጽና የሸክላ ሥራ እያነሣች የራሷን መልክ ለመፍጠር ትጥር ነበር። በዚያ የጥበብ ትምህርት ቤት ማለት ለሀብታም ሳሎን ሥዕል የሚዘጋጅበት ቦታ ብቻ ሳይሆን የእጅ ባለሙያ የሚወጣበትና ገበያ የሚታሰብበት ተቋም እንደሆነ ሻጽ በዐይኑ አየ።

1903 ዓ.ም. ሕይወቱን ለሁለት የከፈለ ዘመን ሆነ። በዚያ ዓመት በኪሽኔቭ ከተማ በአይሁድ ላይ የተፈጸመው ጭፍጨፋ ዜና መላውን አውሮፓ አናወጠ። በዚያው ዘመን የሻጽ ትዳር ፈረሰ፤ ባለቤቱ ትታው ሄደች። ሐዘንና ብቸኝነት የተጫነው ቀራፂ የጽዮናዊነትን እንቅስቃሴ መሪ ቴዎዶር ሄርዝልን አግኝቶ በኢየሩሳሌም የጥበብ ትምህርት ቤት ለማቋቋም ያለውን ሐሳብ አቀረበ። ሄርዝል በ1904 ዓ.ም. ቢሞትም ሻጽ ሐሳቡን አልተወም። በ1905 ዓ.ም. በባዝል ከተማ ለተሰበሰበው 7ኛው የጽዮናውያን ጉባኤ አቀረበው፤ በበርሊንም ገንዘብ የሚያሰባስብና ሥራውን የሚቆጣጠር ኮሚቴ ተቋቋመ። በ1906 ዓ.ም. ከሠዓሊው ከኤፍሬም ሞሰስ ሊሊየን ጋር ወደ ኢየሩሳሌም መጣ። ለትምህርት ቤቱም በኦሪት ዘጸአት የመገናኛውን ድንኳንና ንዋያቱን የሠራውን ጠቢብ የባስልኤልን ስም ሰጠው፤ በዕብራይስጥ አጠራር ቤጻልኤል መሆኑ ነው።

በዚያን ዘመን በኢየሩሳሌም ይኖሩ ከነበሩ አይሁድ ብዙዎቹ የሚተዳደሩት በውጭ አገር ካሉ ወገኖች ተሰብስቦ በሚላክና ኻሉካ በሚባል ምጽዋት ነበር። ገንዘቡ አነስተኛ ነበር፤ ሲዘገይም ቤተሰብ ይራባል። ሻጽ ይህን ልማድ የሚተካው የእጅ ሙያ ነው ብሎ አመነ። እቅዱ ሁለት ክንፍ ነበረው። አንደኛው ሥዕል፣ ቅርጻ ቅርጽና ንድፍ የሚማሩበት ትምህርት ቤት ነው። ሁለተኛው በትምህርት ቤቱ የተነደፈው ወደ ዕቃነት ተለውጦ ለሽያጭ የሚቀርብባቸው የእጅ ሥራ ክፍሎች ናቸው። ትምህርት ቤቱ ሥራዎቹን ውበት እንዲሰጣቸው፣ የእጅ ሥራ ክፍሎቹም ትምህርት ቤቱን በገንዘብ እንዲደግፉት ታሰበ።

መጀመሪያ የምንጣፍ ሽመና ተከፈተ፤ ብዙ ወጣት ሴቶችም በሽመናው ላይ ተሰማሩ። በ1908 ዓ.ም. ተቋሙ ከኢትዮጵያ ጎዳና ተነሥቶ ከከተማው ቅጥር በስተ ምዕራብ ወደተገዛለት ሰፊ ግቢ ተዛወረ። በዚያም እንደ ፈትል ከቀጠነ የብር ሽቦ ጌጥ የሚሠራበት ክፍል ተስፋፋ። የዚህ ክፍል ምሰሶዎች ከየመን የመጡ አይሁድ ነበሩ። በኢትዮጵያ ቤተ እስራኤላውያን በቀጥቃጭነትና በሸክላ ሥራ ይታወቁ እንደነበር ሁሉ፣ በየመንም የአንጥረኝነት ሙያ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ የአይሁድ ርስት ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የእንጨት ቅርጽ፣ የዝሆን ጥርስ፣ የናስና የመዳብ ሥራ፣ የዳንቴል፣ የቅርጫትና የኅትመት ክፍሎች ተጨመሩ፤ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎችም የዕለት ጉርሳቸውን ከዚሁ ግቢ ማግኘት ጀመሩ። በ1912 ዓ.ም. በያፎ በር አጠገብ የሽያጭ ድንኳን መሰል ቤት ተሠርቶ መንገደኞችና ጎብኚዎች ምንጣፍ፣ የጸሎት ዕቃና ጌጣጌጥ ይገዙበት ነበር። ሥራዎቹም ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ እየተጫኑ ለዐውደ ርእይ ይቀርቡ ነበር።

ነገር ግን ሒሳቡ አልገጥም አለ። በእጅ የሚሸመን ምንጣፍ ብዙ ጊዜና ብዙ ሱፍ ይፈልጋል፤ በማሽን ከሚመረተውና ከምሥራቅ አገሮች በርካሽ ከሚመጣው ጋር በዋጋ መወዳደር አይችልም። ዋጋው ከፍ ሲል ገዢ ይጠፋል፤ ዝቅ ሲል ደግሞ የሠራተኛው ደመወዝ ይቀንሳል። ከዚህ ሁሉ በላይ ከገበያው የሚገኘው ትርፍ የመምህራኑንና የትምህርቱን ወጪ ሊሸፍን አልቻለም። በመሆኑም ምጽዋትን በሥራ ለመተካት የተመሠረተው ተቋም ራሱ ከበርሊን በሚላክ ድጎማና ከለጋሾች በሚገኝ ስጦታ የሚኖር ሆነ። ይህ ተቃርኖ ሻጽን እስከ ዕለተ ሞቱ አልለቀቀውም።

ከዚህ የተነሣ ክርክር በዛ። የበርሊኑ ኮሚቴ አባላት የሒሳብ አያያዙ እንዲስተካከል፣ የንግዱ ሥራ ከትምህርቱ እንዲለይ ይፈልጉ ነበር፤ ሻጽ ግን ሁለቱ ከተለያዩ ዓላማው ይፈርሳል ብሎ ያምን ነበር። ሠራተኞቹ በበኩላቸው በደመወዝ ማነስ ያጉረመርሙ ነበር። በ1910 ዓ.ም. የየመን አንጥረኞች ከብር ሥራቸው ጎን ጥቂት መሬት እያረሱ እንዲኖሩ ቤን ሼመን በተባለ ስፍራ መንደር ተመሠረተላቸው፤ ይህም ሙከራ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተቋረጠ።

ተማሪዎቹም ቢሆኑ አንድ ዓይነት ፍላጎት አልነበራቸውም። በ1912 ዓ.ም. ከሮማኒያ የመጣው ወጣት ሬውቬን ሩቢን ሠዓሊ ለመሆን ተመኝቶ ሳለ ያገኘው በአመዛኙ ለገበያ የሚውል የእጅ ሥራ ስለሆነበት ብዙም ሳይቆይ ወደ ፓሪስ ሄደ። ከብዙ ድካም በኋላ ግን የታወቀ ሠዓሊ ሆነ፤ የእስራኤል መንግሥት ሲመሠረትም በሮማኒያ የመጀመሪያው ልዑክ ሆኖ ተሾመ። በዚያው በ1912 ዓ.ም. በመምህርነት የመጣው ዜኤቭ ራባን ደግሞ ሌላውን መንገድ ያሳያል። ራባን በአውሮፓ ታላላቅ የጥበብ ትምህርት ቤቶች የተማረ ሰው ሲሆን ብር ንድፍ፣ መጽሐፍ ሥዕል፣ የቤት ግድግዳ ንጣፍ፣ ማስታወቂያና የጉብኝት ፖስተር እየሠራ ኖረ፤ ከቀድሞ የቤጻልኤል ባልደረባው ከሜኢር ጉር አርዬ ጋርም የራሳቸውን የንድፍ ቤት ከፍተዋል። አንዱ ሥዕሉን ከገበያ ትእዛዝ ለማላቀቅ ደከመ፤ ሌላው የገበያውን ትእዛዝ በጥበብ አሳመረው። ሁለቱም በሙያቸው ኖረዋል።

በ1914 ዓ.ም. የ1ኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ ጎብኚ ጠፋ፤ የመርከብ መንገድ ተዘጋ፤ ከአውሮፓ ይመጣ የነበረው ገንዘብም ተቋረጠ። ሽመናውና አንጥረኝነቱ ቀዘቀዘ። በጦርነቱ ማብቂያ ላይ የቱርክ ባለሥልጣናት ሻጽን ከኢየሩሳሌም አስወጥተው ወደ ደማስቆ አጋዙት፤ በኋላም በገሊላ ምድር ቆየ። በዚያ የስደት ዘመን፣ ኪሱ ባዶ በሆነበት ወቅት፣ ከመቶ ዓመት በኋላ በ2018 ዓ.ም. የምትታይ፣ የእጅ ባለሙያና ሠዓሊ የሚከበርባትን ኢየሩሳሌም በምናቡ ሥሎ መጽሐፍ ጻፈ።

በ1919 ዓ.ም. ትምህርት ቤቱ በእንግሊዞች አገዛዝ ሥር እንደገና ተከፈተ። ዘመኑ ግን ተለውጦ ነበር። የጽዮናውያን ድርጅት ገንዘቡን መሬት ለመግዛትና ሰው ለማስፈር ያውለው ስለነበር ለጥበብ የሚተርፈው ጥቂት ሆነ። ወጣት ሠዓልያንም የፓሪስን አዲስ አሣሣል ተከትለው የሻጽን ስልት እንዳረጀ ቆጠሩት። እርሱ ግን ሥራዎቹን በሣጥን እየጫነ አሜሪካ ድረስ እየሄደ ዐውደ ርእይ ያሳይ፣ እርዳታም ይለምን ነበር። በ1929 ዓ.ም. ቤጻልኤል በገንዘብ እጦት በሩን ዘጋ። ሻጽ ትምህርት ቤቱን ዳግመኛ ለመክፈት ገንዘብ ሲያሰባስብ በመጋቢት 1932 ዓ.ም. በአሜሪካ በኮሎራዶ ግዛት በዴንቨር ከተማ ዐረፈ። አስከሬኑ ከወራት በኋላ ወደ ኢየሩሳሌም ተወስዶ በደብረ ዘይት ተራራ ተቀበረ። ሁለተኛ ሚስቱ ኦልጋ፣ ልጆቹ ቤጻልኤልና ዛሃራ ከኋላው ቀሩ፤ ሁለቱም ልጆች ሠዓልያን ሆኑ።

የሻጽ ሒሳብ በሞቱ ጊዜ በኪሳራ የተዘጋ ይመስል ነበር። ሆኖም በ1935 ዓ.ም. ከጀርመን በተሰደዱ መምህራን አዲሱ ቤጻልኤል ተከፈተ፤ የመጀመሪያው ኃላፊም ሠዓሊው ዮሴፍ ቡድኮ ነበር። ያ ተቋም ዛሬ ዲግሪ የሚሰጥ አካዳሚ ሲሆን ከሥዕልና ከቅርጻ ቅርጽ ጎን ጌጣጌጥ፣ ሸክላ፣ የኢንዱስትሪ ንድፍና የሕንፃ ንድፍ ያስተምራል። ሻጽ ለተማሪዎቹ ማስተማሪያ ብሎ ይሰበስባቸው የነበሩት ቅርሶችም በ1965 ዓ.ም. ለተከፈተው የእስራኤል ሙዚየም መነሻ ሆነዋል።

በዚያ ዘመን ደመወዛቸው ያነሰ ሴቶች የሸመኗቸው ምንጣፎችና የየመን አንጥረኞች የሠሯቸው ጌጦች ዛሬ በጨረታ በብዙ ሺህ ዶላር ይሸጣሉ። ገንዘቡ ለሰብሳቢው እንጂ ለሠሪዎቹ አልደረሰም። የሻጽ ታሪክም ሁለቱን ገጽታ አንድ ላይ ይዟል። ጥበብ ብቻውን ሰውን ያኖራል ብሎ ማመኑ በሕይወት ዘመኑ አልሠመረለትም፤ በአንጻሩ እጅና ዐይን በአንድነት የሠለጠኑለት ሰው ንድፍ፣ ትምህርት፣ ኅትመት፣ ጌጣጌጥ እያለ ከአንድ በላይ በር ማንኳኳት እንደሚችል ተማሪዎቹና ባልደረቦቹ በኑሯቸው አስመስክረዋል። የጥበብ ተመራቂ መተዳደሪያውን ከአንድ ምንጭ ብቻ ሳይሆን ከብዙ ጅረቶች እያጠራቀመ የሚኖርበት የዛሬው ልማድም፣ በኢትዮጵያ ጎዳና በተከራየው በዚያ ቤት በሸማኔዎችና በቀራፂዎች መካከል ከመቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ ተሞክሮ ነበር።