የአንዲት ሊትር ናፍጣ ጥያቄ፤ የሩዶልፍ ዲዝል ሕይወት

የእናቴ ወንድም ከመገናኛ ወደ ገርጂ፣ ወደ ሲ.ኤም.ሲ.ና ወደ አያት የሕንፃ መሣሪያ የሚያመላልሱባት አንዲት አሮጌ የናፍጣ ፒካፕ አለቻቸው። ማታ ማታ እቤት ሲገቡ ወሬያቸው አንድ ነው፤ ይህች መኪና ናፍጣ ትጠጣለች ይላሉ። ምን ያህል እንደምትጠጣ ሲጠየቁ ግን እንዲያው በግምት ብዙ ነው ከማለት በቀር ቁጥር አይናገሩም። እኔ ደግሞ ዲዝል የሚባለው ሞተር በሰው ስም የተሰየመ መሆኑን ያወቅሁት በቅርቡ ነው። ሰውዬው ማን ነበር ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ለካስ ዕድሜውን ሙሉ ሲታገል የኖረው ከአጎቴ ጥያቄ ጋር ኖሯል፤ ይኸውም ከሚቃጠለው ነዳጅ ውስጥ ስንቱ ሥራ ይሠራል፣ ስንቱስ በከንቱ ይባክናል የሚለው ነው።

ውድ አንባብያን፣ የሩዶልፍ ዲዝልን የሕይወት ታሪክ ባጭሩ እነሆ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሩዶልፍ ዲዝል ማርች 18 ቀን 1858 ፓሪስ ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ ከጀርመን አገር ከባቫሪያ የመጡ ሲሆኑ፣ አባቱ መጽሐፍ በመጠረዝና የቆዳ ዕቃ በመሥራት ቤተሰቡን ያስተዳድር ነበር። በ1870 ፈረንሳይና ፕሩሺያ ጦርነት ሲገጥሙ ቤተሰቡ ጀርመናዊ በመሆኑ ፓሪስን ለቆ ወደ ለንደን ተሰደደ። እዚያም ኑሮ ስለከበዳቸው የ12 ዓመቱን ሩዶልፍን ለብቻው ወደ ጀርመን፣ አውግስቡርግ ወደምትባል ከተማ ወደ ዘመዶቹ ላኩት። የተቀበሉት ዘመዱ የሒሳብ መምህር ነበሩ። ልጁም በእኒህ መምህር ቤት ሆኖ ትምህርቱን ያዘና ገና በ14 ዓመቱ መሐንዲስ እንደሚሆን ቆረጠ። በትምህርቱ ብልጫ ስለነበረው በ1875 ሙኒክ ወደሚገኘው ከፍተኛ የቴክኒክ ትምህርት ቤት በነፃ የትምህርት ዕድል ገባ።

እዚያ ካስተማሩት መምህራን አንዱ ፕሮፌሰር ካርል ሊንዴ ነበሩ። ሊንዴ በማቀዝቀዣ መኪና ሥራቸው የታወቁ ሊቅ ናቸው። አንድ ቀን ስለ ሙቀትና ጉልበት ሲያስተምሩ፣ የዘመኑ የእንፋሎት ሞተር ከሚነድለት ከሰል ሙቀት ውስጥ ወደ ሥራ የሚለውጠው ከመቶ 10 እጅ እንኳ እንደማይሞላ፣ የቀረው ከ90 እጅ በላይ ግን እንዲሁ እንደሚጠፋ አስረዱ። ሌላው ተማሪ ጽፎ አለፈው። ዲዝል ግን በደብተሩ ኅዳግ ላይ ነገሩን የሚያጠና መሆኑን ለራሱ ማስታወሻ አኖረ። መምህሩ ወደሚቀጥለው ርእስ ተሻገሩ፤ ተማሪው ግን ከዚያች ገጽ አልወጣም።

በ1879 የመመረቂያው ፈተና ሲደርስ ዲዝል በታይፎይድ ታሞ ተኛ። ሲሻለው በስዊስ አገር በአንድ የሞተር ፋብሪካ ልምምድ አድርጎ በ1880 መጀመሪያ ተፈተነና በታላቅ ማዕረግ ተመረቀ። ከዚያም እኒያው መምህሩ ሊንዴ ፓሪስ ባለው የበረዶ ፋብሪካቸው ቀጠሩት። ቀን ቀን የእንጀራውን ሥራ እየሠራ፣ በትርፍ ጊዜው በእንፋሎት ፈንታ በአሞኒያ የሚሠራ ሞተር ለመፍጠር ዓመታት ደከመ። ምን ዋጋ አለው፣ አልሆነለትም።

በመጨረሻ አንድ ሌላ ሐሳብ መጣለት። የብስክሌት ጎማ የነፋ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ አየር በኃይል ሲታመቅ ፓምፑ ይግላል። እንግዲህ አየር በሲሊንደር ውስጥ እጅግ አድርጎ ቢታመቅ፣ በሙቀቱ ብቻ ነዳጅ ሊያቀጣጥል ይችላል ማለት ነው። የዛሬ ናፍጣ ሞተሮች አየሩን ከ15 እስከ 20 እጥፍ ያምቁታል፤ ሙቀቱም ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይወጣል። በዚያ ላይ ናፍጣ ሲረጭበት ራሱ ይነዳል። ናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር የካንዴላ ብልጭታ የማያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።

ዲዝል ለዚህ ሐሳቡ በ1892 የፈጠራ መብት ጠየቀ፤ በ1893 ደግሞ መጽሐፍ አሳተመ። በወረቀት ላይ ባሰላው መሠረት ከነዳጁ ሙቀት ከመቶ 70 እጅ በላይ ወደ ሥራ ሊለወጥ ይችል ነበር። ብዙ ምሁራን አላመኑትም። ቢሆንም የአውግስቡርግ የማሽን ፋብሪካ መሞከሪያ ቦታና ሠራተኞች ሰጠው፤ ክሩፕ የተባለው ታላቅ ኩባንያም በገንዘብ ረዳው።

ኦገስት 10 ቀን 1893 የመጀመሪያው ሙከራ ተደረገ። ነዳጁ ሲገባ ግፊቱ ከመጠን አልፎ መለኪያው ፈነዳ። ሞተሩ በራሱ አልዞረም። ነገር ግን አየር በመታመቁ ብቻ ነዳጅ መቀጣጠሉ በዐይን ታየ። ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1894 ሞተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሱ ኃይል ዞረ፤ የዞረውም ለአንድ ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ዲዝል በዚህ ጊዜ ከመጽሐፉ ሐሳብ ግማሹ በተግባር እንደማይሠራ ተረድቷል። የጻፈውን ሙጭጭ ብሎ ይዞ መከራከር ይችል ነበር፤ እሱ ግን ሞተሩን እያሻሻለ፣ እየለካ፣ እንደገና እየፈታታ ሦስት ዓመት ቀጠለ። በ1897፣ ያው ፌብሩዋሪ 17 ቀን፣ ፕሮፌሰር ሞሪትስ ሽሮተር የተባሉ የሙኒክ ሊቅ መጥተው ሞተሩን በይፋ ለኩት። 20 የፈረስ ጉልበት ያህል የሚሰጠው ይህ ሞተር ከነዳጁ ሙቀት ከመቶ 26.2 እጁን ወደ ሥራ ለወጠ። በወረቀት ከታሰበው እጅግ ያነሰ ነው፤ ከእንፋሎቱ ሞተር ግን ከእጥፍ በላይ ይበልጣል። ዓለም የተቀበለውም ይህንን የተለካውን ቁጥር ነው።

ከዚያ በኋላ ዝናና ገንዘብ ጎረፈለት። በ1900 በፓሪሱ ዓለም አቀፍ ትርኢት አንድ የዲዝል ሞተር በለውዝ ዘይት ሲሠራ ታየ። በ1912 በዲዝል ሞተር የሚሄደው ሴላንድያ የተባለው የዴንማርክ መርከብ ውቅያኖስ ማቋረጥ ጀመረ። የሰውዬው የግል ኑሮ ግን በዚያው ልክ አልቀናም። በመብት ክርክርና በሥራ ብዛት ጤናው ታወከ፤ ሙኒክ ላይ ትልቅ ቤት ሠራ፤ ገንዘቡን በመሬት ግዢና በሌላም ንግድ አፍስሶ ከሰረ። ለሞተር የነዳጅ ጠብታ የሚቆጥረው ሰው የራሱን ኪስ ሒሳብ ሳይቆጥር ቀረ።

ሴፕቴምበር 29 ቀን 1913 ማታ ድሬስደን በምትባል መርከብ ከቤልጅግ አገር ከአንትወርፕ ወደ እንግሊዝ አገር ጉዞ ጀመረ። ራቱን ከባልደረቦቹ ጋር በልቶ ወደ መኝታው ሄደ። በማግሥቱ ጧት ሲፈለግ አልጋው አልተተኛበትም። ከጥቂት ቀናት በኋላ በሰሜን ባሕር ላይ አስከሬን ተገኘ፤ ከኪሱ የወጡትን ዕቃዎች ልጁ አይቶ የአባቱ መሆናቸውን አረጋገጠ። የ55 ዓመት ሰው ነበር። ብዙዎች በዕዳ ተጨንቆ ራሱን ወደ ባሕር ወረወረ ይላሉ፤ ሌላ የሚሉም አሉ።

የሚያሳዝነው፣ ዲዝል ሞተሩ በመኪናዎች ላይ በሰፊው ተገጥሞ በመንገድ ሲሽከረከር ሳያይ መሞቱ ነው። የእሱ ሞተር ነዳጁን የሚረጨው በታመቀ አየር ስለነበረ ከባድ ነበር። ናፍጣ የሚነዱ የጭነት መኪናዎች የወጡት በ1920ዎቹ ሲሆን፣ የቦሽ ኩባንያ በ1927 የናፍጣ ፖምፓ በብዛት ማምረት ከጀመረ በኋላ ሞተሩ ለመኪና ተመቸ። በብዛት ከተመረቱት የመጀመሪያዎቹ የናፍጣ የቤት መኪናዎች አንዷ፣ መርሴዲስ 260 ዲ፣ የቀረበችው በ1936 ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ለአጎቴ ፒካፕ ምን ይጠቅማታል? እኔና አጎቴ ሽሮተር እንዳደረጉት መለካት ጀመርን። ታንከሯን አፏ ድረስ ሞልተን ኪሎ ሜትሩን ጻፍን፤ እንደገና እስክትሞላ ድረስ 392 ኪሎ ሜትር ሄዳ 49 ሊትር ወሰደች። ይህም በሊትር 8 ኪሎ ሜትር ነው። ቀጥሎ ጎሚስታ ዘንድ ወስደን የጎማዎቹን አየር በልኩ አስነፋን። አቧራ የጠጣውን የአየር ማጣሪያ አስለወጥን። ከኋላ ያለ ሥራ ስትሸከመው የከረመችውን ብረት አወረድን። መገናኛ ላይ ጭነት ሲጠበቅ ሞተሩ እንዲጠፋ ተስማማን፤ ቆማ የምትነድ መኪና በሊትር የምትሄደው ዜሮ ኪሎ ሜትር ነውና። በሁለተኛው ልኬት በ49 ሊትር 441 ኪሎ ሜትር ሄደች፤ በሊትር 9 ማለት ነው። በዚህ ሒሳብ 720 ኪሎ ሜትር ለመሄድ በፊት 90 ሊትር ይፈጅ የነበረው አሁን 80 ይበቃል። አሥር ሊትር ቀላል አይደለም፤ ናፍጣችን ከባሕር ማዶ ተገዝቶ፣ ከጅቡቲ ወደብ በቦቴ ተጭኖ፣ ራሱም በመንገድ ናፍጣ እያስበላ የሚመጣ ነው።

ጥቁር ጭሷ ግን ገና አልጠፋም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ ስስ ነው፤ ከባሕር ጠረፍ አየር አንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል። ፖምፓው ለቆላ አየር ከተስተካከለ ወይም ኖዝሉ ካረጀ፣ የሚረጨው ናፍጣ የሚያነደው አየር አጥቶ ጥላሸት ሆኖ ይወጣል። ያ ጭስ ገንዘብ ተከፍሎበት ያልተነዳ ናፍጣ ነው። አጎቴ ፖምፓውን ለማስፈተሽ ብር እያጠራቀሙ ነው።

ጓደኞቼ ዕጩ መምህራን፣ ከዚህ ታሪክ እኔን የያዘኝ ግን ሞተሩ ብቻ አይደለም። ያ ሁሉ ነገር የተጀመረው በአንድ ክፍል ውስጥ መምህሩ በተናገሩት በአንድ ቁጥር ነው። ሊንዴ ያን ዕለት የዘመኑ ሞተር ጥሩ ነው ብለው ቢያልፉ ኖሮ ያ ማስታወሻ በኅዳጉ ላይ አይጻፍም ነበር። እሳቸው ግን የጎደለውን በቁጥር ተናገሩ። ነገ እኛም ጠመኔ ይዘን ስንቆም የታወቀውን ብቻ ሳይሆን ገና ያልተሟላውንም እንንገራቸው። ደብተሩ ኅዳግ ላይ የሚጽፍ ልጅ የትኛው ወንበር ላይ እንደተቀመጠ አናውቅም።