መጽሐፍ ደጓሹ ሚካኤል ፋራዴይ

ሚካኤል ፋራዴይ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1791 ዓመት በእንግሊዝ አገር በሎንዶን ከተማ አጠገብ ተወለደ። አባቱ ብረት ቀጥቃጭ ነበረ፤ ነገር ግን ሕመም ስለ ጸናበት ብዙ ቀን ሥራውን ትቶ ይተኛ ነበረ። እህል በተወደደበት በ1801 ዓመት ለሚካኤል የሳምንት ቀለቡ አንድ ዳቦ ብቻ ነበረ። ትምህርቱም ማንበብና መጻፍ፣ ጥቂትም ሒሳብ ነው፤ ከዚህ በላይ ለመማር ገንዘብ አልነበረም።

በ1804 ዓመት በአንድ መጽሐፍ ሻጭና ደጓሽ ቤት ተላላኪ ሆነ። በዚያ ጊዜ ጋዜጣ ውድ ስለ ነበረ ብዙ ሰዎች አንዱን ጋዜጣ እየተቀባበሉ ያነቡት ነበረ፤ ልጁም ከአንደኛው ቤት ተቀብሎ ወደ ሌላው ያደርስ ነበረ። ጌታው ታማኝነቱን ባየ ጊዜ በሚመጣው ዓመት ያለ ምንም ክፍያ የድጉሰት ሥራ ሊያስተምረው ተዋዋለ፤ ውሉም የሰባት ዓመት ነበረ።

የደጓሽ ሥራ ወረቀቱን ማጠፍ፣ ጥራዙን መስፋትና ቆዳ ማልበስ ነው። መጽሐፉ የሌላ ሰው ገንዘብ ስለ ሆነ ሥራው ሲያልቅ ለባለቤቱ ይመለሳል። ስለዚህ ብዙ ደጓሾች መጽሐፍን ከውጭው ብቻ ያውቁታል። ሚካኤል ግን የቀን ሥራውን ከፈጸመ በኋላ እጁ የሰፋውን ዓይኑ ያነበው ነበረ። አንድ ቀን ኢንሳይክሎፔዲያ ብሪታኒካ የሚባለው ትልቅ መጽሐፍ ለድጉሰት መጣ፤ በውስጡም ስለ ኤሌክትሪክ የተጻፈውን አገኘ። ሌላው መጽሐፍ ደግሞ ስለ ኬሚስትሪ የተጻፈ ነበረ። ይህም መምህርቱ ከሁለት ልጃገረዶች ጋራ ስትጨዋወት እያሳየ ለጀማሪዎች የሚያስተምር ነው፤ የደራሲዋ ስም ግን አልታተመበትም ነበረ።

ፋራዴይ ያነበበውን ሁሉ ወዲያው አላመነም። ካለችው ጥቂት ገንዘብ ጠርሙስና ሌላም ርካሽ ዕቃ እየገዛ መጽሐፉ የሚለው እውነት መሆኑን በእጁ ይፈትን ነበረ። መጽሐፉ የተናገረው በፊቱ ሲፈጸም ባየ ጊዜ ደስታው እጅግ በዛ፤ ከዚያም ወዲህ ያንን መጽሐፍ እንደ ወዳጅ ቈጠረው።

በማታ የሚሰጥ የሳይንስ ትምህርት እንዳለ በሰማ ጊዜ መግቢያው አንድ ሽልንግ ነበረ። ይህንንም የከፈለለት እንደ አባቱ ብረት ቀጥቃጭ የሆነው ታላቅ ወንድሙ ነው። በ1812 ዓመትም ከሱቁ ደንበኞች አንዱ ታላቁ ሊቅ ሃምፍሪ ዴቪ በሮያል ኢንስቲቱሽን የሚያስተምረውን አራት ትምህርት ይሰማ ዘንድ የመግቢያ ወረቀት ሰጠው። ፋራዴይ የሰማውን ሁሉ ጻፈ፤ ሥዕሉንም ሣለ፤ ከ300 ገጽም በላይ ሆነ።

በዚያው ዓመት ውሉ አለቀ። አባቱ ስለ ሞተ እናቱን መርዳት ነበረበት፤ የተቀጠረበትም አዲስ ጌታ ቍጡ ሰው ነበረ። ዕድሜውን ሁሉ በድጉሰት ሊኖር ነውን? ለአንድ ታላቅ የሊቃውንት አለቃ ሥራ ለመለመን ጻፈ፤ መልስ አላገኘም። ከዚህ በኋላ ያንን የጻፈውን ትምህርት በገዛ እጁ ደጕሶ ለዴቪ ላከው። ዴቪ በትሕትና ተቀበለው፤ ነገር ግን ሥራውን እንዳይለቅ መከረው፤ ባዶ ቦታ አልነበረምና። በ1813 ዓመት ግን የዴቪ ረዳት ተጣልቶ ስለ ተባረረ ፋራዴይ ተጠራ። ደመወዙ በሳምንት 25 ሽልንግ ሆኖ ከቤቱ ሰገነት ሁለት ክፍል፣ ማገዶና ሻማም ተሰጠው።

በ1831 ዓመት በብረት ቀለበት ላይ በሁለት ወገን የመዳብ ሽቦ ጠመጠመ። በአንደኛው ሽቦ ኤሌክትሪክ ሲለቅ ወይም ሲያቋርጥ በሌላው ሽቦ ለጊዜው ኤሌክትሪክ ሲያልፍ አየ። ጥቂት ቈይቶም ማግኔት በተጠመጠመ ሽቦ ውስጥ ሲያስገባና ሲያወጣ ኤሌክትሪክ ተገኘ። ዛሬ የወንዝ ውኃ መዘውር አዙሮ ለከተማ መብራት የሚሰጠው በዚሁ ሥርዓት ነው።

ፋራዴይ የመርሳት ሕመም ነበረበት። ስለዚህ የሥራውን ነገር በቍጥር እየለየ በየቀኑ ይጽፍ ነበረ፤ ቍጥሩም ከ16000 አለፈ። በገና ሰሞን ለልጆች ያስተምር ነበረ፤ ስለ አንዲት ሻማ መቃጠል ያስተማረውም በ1861 ዓመት መጽሐፍ ሆኖ ታተመ።

ያቺ ስሟን ሳታሳትም የኬሚስትሪውን መጽሐፍ የጻፈችው ጄን ማርሴት እንደ ሆነች ባወቀ ጊዜ ሊያገኛት ፈለገ፤ አግኝቶም አመሰገናት። በዓለም ሁሉ ከታወቀ በኋላ እንኳ አዲስ ነገር አግኝቶ ሲያሳትም ብዙ ጊዜ አንዱን ቅጂ ለእርስዋ ስለ ምስጋና ይልክላት ነበረ። በ1867 ዓመት ሞተ። በወጣትነቱ ጽፎና ደጕሶ ለዴቪ የላከው መጽሐፍ ዛሬም በሎንዶን በሮያል ኢንስቲቱሽን ተቀምጦ ይገኛል።